በባሕሪ ያበቀልነው ምስር

የወሰዱኝ ከአስር ሶላት በኋላ ነው። ካርቱም ውስጥ፣ አርካዊት ሰፈር በምሠራበት ቤት ሰገነት ላይ ልብስ እያሰጣሁ ነበር። የመጨረሻውን አንሶላ ገመዱ ላይ ስዘረጋ የግቢው በር ተደበደበ። ከዚያ የእመቤቴ ድምፅ፣ ከዚያም ደረጃው ላይ የጫማ ኮቴ ተሰማኝ። እኔ ሳልወርድ እነሱ ወጡ። ሦስት ነበሩ፤ ሲቪል ለብሰዋል።

በዚያ ቤት ስድስት ዓመት ሠርቻለሁ። እመቤቴ ባላቸው የሞቱባቸው ጡረተኛ አስተማሪ ነበሩ። ያለቻቸው አንዲት ልጅ ዩኒቨርሲቲ ትማራለች። ጊዜው በየሳምንቱ ሰልፍ የሚወጣበት ነበር፤ ልጅቷም ከጓደኞቿ ጋር ሰገነቱ ላይ ነጭ ጨርቅ ዘርግታ በቀለም ትጽፋለች። አንዱን ጨርቅ ቀለም ፈሶበት ተበላሸ ብላ ጥላው ነበር። እኔ ደግሞ ለመወልወያ ይሆናል ብዬ አጠብኩት። ጽሑፉ ሙሉ በሙሉ አልለቀቀም። ከአንሶላዎቹ መካከል ተሰጥቶ ነፋስ ያውለበልበዋል።

አንዱ ሰውዬ ጨርቁን በሁለት ጣቱ ይዞ አነበበው።

«ይህን ማን ጻፈው?» አለኝ።

«እኔ አረብኛ ማንበብ አልችልም» አልኩት። እውነቴን ነበር።

«የቤቱ ልጅ የት ናት?»

«አላውቅም።»

ይህኛው ውሸት ነበር። ልጅቷ ከትናንት ጀምሮ ጀሪፍ ሰፈር፣ አክስቷ ቤት ናት፤ ቦርሳዋን ያዘጋጀሁላት እኔ ነኝ።

እመቤቴ ክንዴን ይዘው፣ «ሠራተኛ ናት፤ ከወሎ የመጣች ሐበሺያ ምን ታውቃለች?» እያሉ ለመኑ። ሰውዬው በትሕትና ነው የመለሰላቸው። «ካላወቀች ቶሎ ትመለሳለች» አላቸው። ጫማዬን እንዳደርግ ፈቀደልኝ። ኢቃማዬን፣ የመኖሪያ ወረቀቴን ማለቴ ነው፣ ኪሱ ከተተው።

መኪናው ውስጥ ዓይኔን በራሴ ሻሽ አሰሩኝ። ቢሆንም ካርቱምን በጆሮዬም አውቃታለሁ። ጎማው የድልድዩን ብረት ሲረግጥ ድምፁ ተለወጠ፤ የወንዙ እርጥበት ፊቴን ነካኝ፤ ጥቂት ቆይቶ የሳሙና ፋብሪካ ሽታ መጣ። ወንዙን ተሻግረን ባሕሪ ገባን አልኩ በልቤ። የት እንዳለሁ ማወቄ ምን እንደሚጠቅመኝ ባይገባኝም ትንሽ ደስ አለኝ።

ክፍሉ ከዚያ በፊት የዱቄት መጋዘን የነበረ ይመስለኛል። በግድግዳው ስንጥቅ ውስጥ ነጭ ብናኝ አለ፤ ጣት ሲነካው ይረግፋል። ከፍ ብሎ የትሪ ስፋት ያለው መስኮት አለ፤ በሽቦ ወንፊት ተሸፍኗል። ሁለት ሴቶች ምንጣፍ ላይ ተቀምጠዋል። አንደኛዋ ወጣት ናት፤ የተሰበረ መነጽሯን በአንድ በኩል በክር አስራዋለች። ሌላኛዋ አሮጊት ናቸው፤ የሱዳን ሴቶች የሚጠቀለሉትን ረጅም ቶብ ለብሰው ግድግዳ ተደግፈዋል።

«አሰላሙ አለይኩም» አልኩ።

አሮጊቷ ከመመለሳቸው በፊት አፋቸውን በቶባቸው ጫፍ ሸፈኑ። «ወአለይኩሙ ሰላም፣ ልጄ። ነይ፣ እዚህ ጋ ነፋስ አለ» ብለው ከመስኮቱ ሥር ያለችውን የራሳቸውን ቦታ ለቀቁልኝ። በኋላ እንዳየሁት በዚያ ክፍል ነፋስ የሚባል ነገር አልነበረም። ካለው ቦታ የሚሻለው እሱ ነበር፣ ያንን ነው የሰጡኝ።

ስም አልጠራም። ወጣቷ ሐኪም ነበረች፤ ሰልፍ ላይ የቆሰሉትን ስታክም ነው ከነነጭ ጋውኗ የያዟት። ዱክቶራ እንላታለን። አሮጊቷን ሀጃ እንላቸዋለን። መንገድ ዳር ሻይ ይሸጡ ነበር። አስለቃሽ ጭስ በበዛበት ቀን የሚሮጡትን ወጣቶች ዳሳቸው ውስጥ ደብቀው ውሃ አጠጡ። ማን ማን እንደነበረ ተናገሪ ሲሏቸው «ሁሉም ደንበኞቼ ናቸው» አሉ። ከዚያ ሌላ ቃል ስላልወጣቸው እኔ ስገባ አራተኛ ወራቸውን ይዘው ነበር።

የምንነጋገረው በአረብኛ ነው። የእኔ አረብኛ የወጥ ቤትና የገበያ አረብኛ ቢሆንም ለዚያ ክፍል በቃኝ።

ሀጃ አፋቸውን የሚሸፍኑት አፍረው ነው። ድዳቸው አብጦ ይደማል። ጠዋት የሚመጣው ዳቦ ደረቅ ስለሆነ ሲነክሱት ዳቦው ላይ ቀይ ነገር ይቀራል፤ ያችን ቶሎ ብለው በእጃቸው ይከልሏታል። እግራቸው ሳይመታ ይበልዛል። ቅልጥማቸው ላይ ያለች አሮጌ ቁስል አልድን ብላለች። ለሶላት ሲነሡ ዱክቶራ በክንዳቸው ሥር ገብታ ትደግፋቸዋለች።

ዱክቶራ የበሽታውን ስም ነግራኝ ነበር። ስሙን ረሳሁት፣ ምክንያቱን ግን አልረሳሁም።

«አትክልት የለም፣ ፍራፍሬ የለም፣ ሎሚ የለም» አለችኝ። «ዳቦ፣ ፉል፣ አደስ፤ እሱም እስኪሟሽሽ የተቀቀለ። ሰው ወራት ሙሉ በዚህ ብቻ ሲቆይ ሥጋው መያያዝ ያቅተዋል። በቀን አንድ ሎሚ ቢሰጡኝ በሁለት ሳምንት አሽላቸው ነበር።»

የምትጠብቀንን ሴት ደጋግማ ጠይቃታለች። መልሱ ሁልጊዜ አንድ ነው፤ ከውጭ ምንም አይገባም።

በሳምንት ሁለት ቀን ጠባቂዋ ኮሪደሩ ላይ ታስቀምጠንና ለወጥ ቤት የሚሆን ምስር ታስለቅመናለች። አደስ የሚሉት እሱን ነው። ጠጠሩን እያወጣን ንጹሑን ወደ ድስት እንገለብጣለን። ጠባቂዋ ግዙፍ ሴት ናት፤ ብዙ አትናገርም፣ ቁልፎቿን እንደ ሙስበሃ ዶቃ በጣቷ ትቆጥራለች። በመጀመሪያው ቀን የመጣው ክክ ነበር። በሁለተኛው ግን ከነልጣጩ ያለ ድፍን ምስር መጣ። እጄን ከትቼ እፍኝ ሳነሣ አንድ ነገር ትዝ አለኝ።

በእኛ በኩል ባቄላ ተዘፍዝፎ፣ ተሸፋፍኖ ሲያጎነቁል በቆልት ይባላል። ለድግስም ለሐዘንም ይቀርባል። እናቴ ግን ከድግስ ውጭም ትሠራው ነበር፤ በተለይ ዝናብ ከመግባቱ በፊት ባለው ወር፣ ጎመን እንኳ ከጓሮ ሲጠፋ። «አረንጓዴ ከጠፋ ከጎታ እናወጣዋለን» ትላለች። ያኔ ቀልድ ይመስለኝ ነበር።

«ዱክቶራ» አልኳት ድምፄን ዝቅ አድርጌ፣ «የበቀለ ምስር የሎሚን ሥራ ይሠራል?»

እጇ ቆመ። ጠባቂዋ እንዳትጠረጥር ወዲያው ለቀማዋን ቀጠለች። ብዙ ጠጠር ካወጣች በኋላ ነው የመለሰችልኝ።

«ስንት ዓመት ሕክምና ተምሬ ይህን አንቺ ታስታውሽኝ?» አለች። «ሻሽሽ ጫፍ ላይ ቋጥሪ። ብዙ አይደለም፣ አንድ እፍኝ።»

ክፍላችን ስንመለስ ነው ያስረዳችኝ። ደረቅ ፍሬ እንደተኛ ሰው ነው አለች። ውሃ ሲያገኝ ይነቃል፤ ሲነቃ ለራሱ ዕድገት ብሎ ደረቅ ሳለ ያልነበረውን ቫይታሚን መሥራት ይጀምራል። ሆድ የሚነፋውም ነገር ይቀንሳል፣ ብረቱም ለሰውነት ይቀላል። «ግን ካልታጠበ ተህዋሲያንም አብረውት ይነቃሉ» አለች። «ሙቀትና እርጥበት ለእነሱም ምቹ ነው። ለደከመ ሰው ደግሞ ያ አደጋ ነው።»

ሀጃ ዓይናቸውን ጨፍነው ያዳምጡ ነበር። «እኛ ማሽላውን ነው የምናበቅለው» አሉ። «ዝሬዓ ይባላል። ለረመዳን መጠጥ፣ ለሒሉ ሙር። ጆንያ ላይ አስጥተን ጠዋት ማታ ውሃ እናርከፈክፍበታለን።»

«ማሽላ ሲበቅል በጥሬው አይበላም፣ ሀጃ። መርዝ አለው» አለች ዱክቶራ።

«ማን በጥሬው ይበላዋል? ይደርቃል፣ ይፈጫል፣ ይቦካል፣ ይጋገራል። ይህን ሁሉ ሳይማሩ ያወቁ እናቶች ነበሩን» አሉ። ዱክቶራ ሳቀች። ከገባሁ ጀምሮ ስትስቅ የሰማኋት ያን ቀን ነው።

ችግሩ ውሃው ነበር። በቀን ለአንድ ሰው አንድ የፕላስቲክ ጠርሙስ ነው የሚሰጠን። የምንጠጣውም ፊታችንን የምንታጠበውም ከእሱ ነው፤ ለሶላት በውሃ ፋንታ በግድግዳው አቧራ ተየሙም እናደርጋለን። ምስሩ ደግሞ አንድ ጊዜ መዘፍዘፍ፣ ከዚያ በየቀኑ ጠዋትና ማታ መታጠብ አለበት። ከየድርሻችን ሦስት ሦስት ጉንጭ ለማዋጣት ተስማማን። ሀጃ አራት ካላደረግሁ ብለው ተከራከሩ፤ ዱክቶራ ከለከለቻቸው።

የመጀመሪያውን በፍርሃት አበላሸሁት። ጠባቂዋ እንዳታየው ብዬ በሻሽ ጠቅልዬ ከምንጣፉ ሥር ደበቅሁት። በሁለተኛው ቀን ስፈታው የኮመጠጠ ሽታ መጣ፤ ፍሬው ይሟልጫል።

«ይጣል» አለች ዱክቶራ።

«ከላይ ያለው ደህና ነው» አልኳት። ያ ሁሉ ውሃ አሳዘነኝ።

«ለእኔና ለአንቺ ቢሆን እሺ እልሽ ነበር። ለእሳቸው ግን በዚህ አቅማቸው ላይ ተቅማጥ ከጨመርንባቸው…» አለችና ተወችው።

ሽንት ቤት ወስጄ ጣልኩት። ስመለስ ሀጃ ከጎናቸው ያለውን ምንጣፍ በእጃቸው መታ መታ አደረጉልኝ፤ ሄጄ ተቀመጥኩ።

ለሁለተኛው ዱክቶራ የጋውኗን ኪስ ቀድዳ ሰጠችኝ። ጥሩ ጥጥ ነው፤ ውሃ ያሳልፋል፣ አየርም ያስገባል። ኪሱን ደጋግመን አጠብነው። የተዘፈዘፈውን ምስር ከትቼበት በክር አስሬ ከመስኮቱ ወንፊት ላይ ሰቀልኩት። ከበሩ ለሚያየው የተሰጣ ጨርቅ ይመስላል። ያጠብንበትን ውሃም አልጣልነውም፤ እግራችንን እናርስበት ነበር።

በማግስቱ ጠዋት ካጠብኩት በኋላ ጠሩኝ።

የጠየቀኝ ሰው ሰገነት ላይ ጨርቁን ያነበበው ነው። ክፍሉ ቀዝቃዛ ነበር፤ ማቀዝቀዣው ያጉረመርማል። ጠረጴዛው ላይ በብርጭቆ የሎሚ ጭማቂ አስቀምጧል። ብርጭቆው አልቦታል። ከፊቴ አስጠግቶልኝ «ጠጪ» አለኝ።

ምራቄ ሞላ። ግን እጄ ወደ ብርጭቆው አልሄደም።

«ይዤው መሄድ እችላለሁ?» አልኩት።

«ወዴት?»

«ወደ ክፍላችን። የታመሙ እናት አሉ።»

ትንሽ አየኝና «መጀመሪያ እንጨርስ» አለ። አንድ ወረቀት አወጣ። አጭር ነበር። ምን እንደሚል ጠየቅሁት፤ በዚያ ቤት ልጅቷ ጨርቅ ላይ ስትጽፍ አይቻለሁ የሚል መሆኑን ነገረኝ። «አሻራሽን አድርጊ፤ የት እንዳለች ንገሪኝ። ዛሬውኑ ትወጫለሽ፣ ኢቃማሽም ይመለሳል። አንቺ እንግዳ ነሽ፤ ይህ የሱዳኖች ጉዳይ ነው፣ ምን አገባሽ?»

«ጉዳዩን አላውቀውም» አልኩት። «ልጅቷን ግን አውቃታለሁ። ስድስት ዓመት ፀጉሯን የምጎነጉንላት እኔ ነኝ።»

«እና?»

«እናማ አሻራ አላደርግም።»

አልጮኸም። ወረቀቱን አጠፈ፤ ብርጭቆውን ወደ ራሱ ሳበው። ስወጣ ሲጠጣው ድምፁን ሰማሁ። ያን ጊዜ ጀግንነት አልተሰማኝም። የተሰማኝ ጥማት ነው፤ ከዚያ ደግሞ የማጠቢያው ሰዓት ማለፉ።

በሩ ሲከፈት ሀጃ ቆመው ነበር። ብቻቸውን፣ ማንም ሳይደግፋቸው፣ ጠርሙሳቸውን ወደ ተሰቀለው ኪስ አዘንብለው ጠብ ጠብ ያደርጋሉ። ዱክቶራ እንዳይወድቁ ከኋላቸው ሆና እጆቿን ዘርግታለች፤ ግን አልነካቻቸውም።

«ሰዓቱ ደረሰ፣ አንቺም ቆየሽ» አሉኝ።

ስለ ሎሚው ነገርኳቸው። ዱክቶራ ተቆጣች። «መጠጣት ነበረብሽ። አንቺስ ድድ የለሽም?» አለችኝ። ከዚያ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች፤ መነጽሯን አውልቃ ስትጠርግ አየኋት።

በሦስተኛው ቀን ምስሩ ጭራ አወጣ። ነጭ፣ ቀጭን፣ የጣት ጥፍር የሚያህል ጭራ። ለመጨረሻ ጊዜ አጥቤ ሳህን ላይ ዘረገፍኩት። ሦስታችንም ጎንበስ ብለን አየነው። አንድ እፍኝ የነበረው ሁለት እፍኝ ሆኗል። ሀጃ ማኘክ ስለማይችሉ ድርሻቸውን በጠርሙሱ ቂጥ ደቆስኩላቸውና ሳህኑን አቀረብኩ።

ሀጃ ግን አልነኩትም።

«እናንተ ወጣቶች ናችሁ፣ ገና ትወልዳላችሁ» አሉ። «ውሃችሁን ያፈሰሳችሁት ለእኔ ነው። ለአንዲት አሮጊት ጥርስ ይህን ያህል?»

«ሀጃ፣ ይህ መድኃኒት ነው። እኔ አዝዣለሁ» አለች ዱክቶራ።

«ሐኪም ብትሆኚም ልጄ ነሽ። አታዥኝም።»

ሳህኑን ወደ እሳቸው ገፋ አደረግሁት። ከዚያ እንዲህ አልኩ፣ «ሀጃ፣ ሻይዎን አፍልተው ደንበኛ አልጠጣም ብሎ ቢሄድ ምን ይላሉ?»

«ውሃዬንም ስኳሬንም አባከነው እላለኋ» አሉ። ከዚያ ቢስሚላህ ብለው በሦስት ጣታቸው አነሡ። ሲጎርሱ ዓይናቸው ጠበበ፤ አሟቸዋል። ቀስ ብለው ዋጡት። «የእርሻ ጣዕም አለው» አሉ። እኛም ቀመስነው። በጥሬነቱ ትንሽ የሚከረክር፣ ከሥሩ የሚጣፍጥ፣ እሸት እሸት የሚል ነበር። ከብዙ ቀን በኋላ ሕይወት ያለው ነገር በጥርሴ ሲሰበር ተሰማኝ።

ከዚያ ወዲህ ሳናቋርጥ ሠራነው። ድፍን ምስር በመጣ ቁጥር ሁለታችንም በሻሻችን ጫፍ እንቋጥራለን፤ አንዱ ሲበላ ሌላው በሁለተኛው ኪስ ይነቃል። የጋውኗ ኪሶች ሁለት ብቻ ስለነበሩ ሦስተኛ አልሞከርንም። ከየዙሩ ትልቁ ድርሻ የሀጃ ነው። ዱክቶራ በየጠዋቱ ወደ መስኮቱ ብርሃን አስጠግታ አፋቸውን ትመለከታለች። በስምንተኛው ቀን ምንም አላለችም። በአሥረኛው ቀን ምንም አላለችም። በአሥራ ሦስተኛው ቀን ሀጃ ዳቦ ነከሱ፤ ዳቦው ነጭ ሆኖ ቀረ። ሀጃ አገላብጠው አዩት፤ ለዱክቶራ አሳዩአት፤ ለእኔም አሳዩኝ። ከዚያ በሉት። የቅልጥማቸው ቁስልም ከዳር ዳር መድረቅ ጀመረች። ከዚያ ሳምንት በኋላ ሲያወሩ አፋቸውን አይሸፍኑም ነበር። ያኔ ነው ፊታቸውን ሙሉ በሙሉ ያየሁት፤ ጉንጫቸው ላይ ስርጉድ እንዳላቸው አላውቅም ነበር።

ጠባቂዋ ያገኘችን በፍተሻ ቀን ነው። ምንጣፉን ገለበጠች፣ ጫማችንን አራገፈች፤ ከዚያ ዓይኗ መስኮቱ ላይ አረፈ። ጨርቁ ለምን እንደሚንጠባጠብ ገርሟት ይሆናል። በጥሳ አወረደችው፤ ኪሱን ስትገለብጠው የበቀለው ምስር ወለሉ ላይ ተበተነ።

«ይህ ምንድን ነው?»

«አደስ ነው» አለች ዱክቶራ።

«ከየት የመጣ?»

«ከምንለቅመው። የወሰድኩት እኔ ነኝ» አልኩ። ዱክቶራም «እኔም ወስጃለሁ» አለች።

ጠባቂዋ ቁልፎቿን መቁጠር አቁማ ነበር። ከለቀማ ልታስወጣን ትችላለች፤ ሪፖርት ብታደርግ ደግሞ ዱክቶራን ወደ ሌላ ቦታ ይወስዷታል ብለን እንፈራ ነበር።

ሀጃ ያን ጊዜ ከተቀመጡበት ወረዱ። በጉልበታቸው ሆነው ከጠባቂዋ ቦት ጫማ ዙሪያ ምስሩን አንድ በአንድ መልቀም ጀመሩ። አልቸኮሉም። ጠባቂዋ እንዲመቻቸው አንድ እግሯን አነሣች፤ ሳታስበው ይመስለኛል። እኔና ዱክቶራም ወርደን ለቀምን። ስንጨርስ ሀጃ የራሳቸውን ጠርሙስ ከፍተው አጠቡት፤ አንድ ጊዜ፣ ሁለት ጊዜ፣ ሦስት ጊዜ። የቀን ውሃቸው ሊያልቅ ምንም አልቀረውም። ከዚያ ሳህኑ ላይ በጣታቸው ከፈሉት፤ አራት ቦታ።

ሳህኑን በሁለት እጃቸው ይዘው ወደ ጠባቂዋ ዘረጉ።

«ከጠዋት ጀምሮ ቆመሽ ነው የዋልሽው» አሏት። «ቤቴ የገባ ሰው ሳይቀምስ ወጥቶ አያውቅም። ይችኛዋ የአንቺ ናት።»

ጠባቂዋ ሳህኑን አየች፣ ሀጃን አየች። ሀጃ ሳህኑን አላወረዱም። በሩ ክፍት ነበር፤ በኮሪደሩ የሚያልፍ ሰው ድምፅ ይሰማል። በመጨረሻ በሁለት ጣቷ ቆንጥራ አፏ ውስጥ ጨመረች። አኘከች። ዋጠች።

«ጨው ይጎድለዋል» አለችና በሩን ቆልፋ ሄደች።

ጨው አላመጣችልንም። በማግስቱም ውሃው የመጣው ያው ሦስት ጠርሙስ ነበር። ነገር ግን ከዚያ በኋላ ለፍተሻ ስትገባ ያንን መስኮት አታየውም። አንገቷ ወደዚያ የማይዞር ይመስል ነበር።

ሀጃ ከእኔ በፊት ወጡ። ስማቸው ሲጠራ ቶባቸውን ፈትተው እንደገና በደንብ ተጠቀለሉ። ዱክቶራ ልትደግፋቸው ስትነሣ «ተይ» አሉና ብቻቸውን እስከ በሩ ሄዱ። እኔን አርባ ሁለት ቀን ከቆየሁ በኋላ አንድ ረፋድ ላይ ያለ ምንም ማብራሪያ ለቀቁኝ፤ ኢቃማዬ ግን አልተመለሰልኝም። ዱክቶራም ከወር በኋላ ተፈታች። የእመቤቴን ልጅ ግን አላገኟትም ነበር።

ጦርነቱ ሲመጣ ሁላችንም ተበታተንን። እኔ በገዳሪፍ አድርጌ በመተማ ወጣሁ። አሁን ደሴ ውስጥ ጥራጥሬ እሸጣለሁ። ዱክቶራ ሌላ አገር ሆስፒታል እንደምትሠራ ሰምቻለሁ። ሀጃ የት እንዳሉ አላውቅም። ከባሕሪ የመጣ ሰው ባገኘሁ ቁጥር እጠይቃለሁ፤ የሻይ ሻጮች ብዙ ናቸው፣ ሀጃ የሚባሉትም ብዙ ናቸው።

በዚህ ዘመን ስለ በቆልት ጥቅም ሰው ሁሉ በስልኩ ይሰማል። ሴቶች ሱቄ መጥተው የትኛው ምስር እንደሚበቅል፣ ለምን እንደሚጠቅም ይጠይቁኛል። ክኩ አይበቅልም፣ ድፍኑን ውሰጂ እላለሁ። ለድድ፣ ለቁስል፣ ለደም ጥሩ ነው። ጠዋትና ማታ እጠቢው፣ ከሸተተሽ ሳታዝኚ ጣይው፣ ሆዱ የደከመ ሰው ካለ ግን ሐኪም ጠይቂ እላለሁ። ከማን እንደተማርኩት የምትጠይቅ ስትመጣ ካርቱም ሳለሁ እላለሁ። አብዛኞቹ እሠራበት በነበረው ቤት የተማርኩት ይመስላቸዋል፤ አላርማቸውም።

የእመቤቴ ልጅ በየዒዱ ትደውልልኛለች። አግብታለች፣ አንድ ልጅ አላት። ለብዙ ጊዜ ስለዚያ ክፍል ጠይቃኝ አታውቅም፤ እኔም አላነሣሁባትም። ባለፈው ዒድ ግን ሰላምታ ተለዋውጠን ከጨረስን በኋላ ስልኩን አልዘጋችውም።

«እዚያ ሳለሽ ፈርተሽ ነበር?» አለችኝ።

ልዋሻት አልፈለግሁም።

«የመጀመሪያዎቹን ቀናት ፈርቻለሁ» አልኳት። «ከዚያ በኋላ ሥራ ነበረኝ።»